ሰላምታ ሳያልቅ የሄደው ባቡር

"በሩ ሲከፈት እሽጉን ትሰጪዋለሽ፣ 'ቻው' ትዪዋለሽ፣ ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ። ማሚ፣ አትወርጂም። ኦኬ?"

"ኦኬ አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልበል?"

ዘርፌ "ኦኬ" ስትል ከልቧ ነበር። ችግሩ የዘርፌ ልብና የዘርፌ እግር ተማክረው አያውቁም። ባቡሩ ገና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ እሽጉን በሁለት እጇ አቅፋ በሩ ሥር ቆማለች። ባሏ ከተማ "ብትወድቅ ልያዛት" በሚል ሰበብ ከኋላዋ ተለጥፏል። ልጃቸው ሰምሀል ደግሞ አንድ ዓይኗን ሻንጣዎቹ ላይ፣ አንድ ዓይኗን እናቷ ላይ ጥላ መተላለፊያው መሀል ተወጥራ ቆማለች።

ሰምሀል አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የተወለደች፣ ዎርዝንግተን ካለ የሒሳብ ቢሮ የምትሠራ፣ ነገር ሁሉ በሰዓቱና በቦታው እንዲሆን የምትወድ ልጅ ናት። የእናትና አባቷ ሃያ አምስተኛ የጋብቻ በዓል ሲደርስ ወርቅም ኬክም አላለች። "አንድ ሳምንት አውሮፓን በባቡር አሳያችኋለሁ" አለች። ቡዳፔስት፣ ቪየና፣ ኑረምበርግ፣ ከዚያ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን፣ ከዚያ ቤት። ለዘርፌና ለከተማ እስከዚያን ቀን ድረስ "ቫኬሽን" ማለት አዲስ አበባ ሄዶ ለቅሶ መድረስ ወይም ሰርግ ማጀብ ነበር። የሚያውቁት ሰው የሌለበት ከተማ ገብተው ግንብ አይተው መውጣት ለነሱ አዲስ ነገር ነው። ቡዳፔስት ላይ ከተማ ድልድዩን ፎቶ አንስቶ ሲጨርስ "እሺ፣ አሁን ማን ቤት ነው የምንሄደው?" ብሎ ልጁን በሳቅ ገድሏታል።

የጉዞው ወሬ ፎረስት ፓርክ ካለው ቤታቸው ወጥቶ ከተማውን ለማዳረስ አንድ እሑድ በቃው። ለኮሎምበስ ሐበሻ አውሮፓ አንድ ሰፈር ናት። ሔርሞን ኦስሎ ላለች እህቷ የሀገር ልብስ ይዛ መጣች፤ "በባቡር አይደል የምትሄዱት? በዚያው ጣል አድርጉላታ!" አለች። ሌላው ለንደን ላለ ወንድሙ ጫማ ይዞ መጣ። ከተማ ቀኑን ሙሉ በቫን የሰው ዕቃ ሲያደርስ የሚውል ሰው ነውና ተንገፈገፈ። "እኔ ልሙት አልይዝም! ዓመቱን ሙሉ የሰው በር ሳንኳኳ ከርሜ በዕረፍቴም ላንኳኳ?" ብሎ ሁሉንም መለሰ።

የሙኒራን ግን መመለስ አልቻለም። ሙኒራ ከዘርፌ ጋር መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት። ዘርፌ የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ባደረገች ጊዜ፣ ሙኒራ ከሥራ ወጥታ ሳትተኛ እነዘርፌ ቤት ትመጣ ነበር። ጾም ስለነበረ "እኔ ሙስሊሟ የጾም ወጥ ምን አውቅልሻለሁ፣ አንቺ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ምራኝ" እያለች ሠርታ አብልታታለች። ሰው እንዲህ ያለችውን ሴት እምቢ ይላል?

ደግሞም ሙኒራ ዋና ጉዳይዋ ዕቃው አልነበረም። ዲቪ ሲደርሳት ትልቁ ልጇ ሳላሃዲን ዕድሜው ስላለፈ ከሷ ጋር መምጣት አልቻለም። ትንሿን ይዛ እሱን ትታ መጣች። እሱም ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ በሱዳን አድርጎ፣ በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ጀርመን ገባ። አሁን ፓሳው በምትባል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባል።

"እሽጉ ሰበብ ነው ዘርፌ" አለቻት ሙኒራ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ እጇን ይዛ። "ስደውል ደህና ነኝ ይለኛል። ቪዲዮ ክፈት ስለው አንዴ ኔትወርክ የለም ይላል፣ አንዴ ካሜራው ተሰበረ ይላል። የማን ካሜራ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሰበረው? ዓይኑ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ፊቱ ተቃጥሎ እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ በዓይንሽ በብረቱ አይተሽ ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ እውነቱን ንገሪኝ። አደራ!"

ዘርፌ በእመቤታችን ምላ ተቀበለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ሰምሀልም ካርታዋን ስታይ ባቡሩ በዚያው በፓሳው በኩል አልፎ ለጥቂት ደቂቃ እንደሚቆም አገኘች። እሽጉ በበር በኩል ይሰጣል፣ ዘርፌ ልጁን ታያለች፣ ጉዞው ይቀጥላል። ፕላኑ ይሄ ነበር።

ባቡሩ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ፊት ለፊት ቀጠን ያለ ረጅም ወጣት፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ ቆሟል።

"እትዬ ዘርፌ?"

"ሳላሃዲን! የሙኒራ ልጅ! ውይ፣ ውይ፣ እናቱን ቁርጥ!"

እግሯ መሬት ነካ። እስቲ ሰው የጓደኛውን ልጅ፣ ያውም ሙኒራ የምታለቅስለትን ልጅ፣ እንደ ሱቅ ደንበኛ ዕቃውን በበር አቀብሎ "ቻው" ይለዋል? ዘርፌ እሽጉን አስጨብጣው አንገቱን አቀፈች። በማስኩ ላይ ቀኝ ሳመችው፣ ግራ ሳመችው፣ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ።

"እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ጤናህ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራስ? ብርዱስ? እንቅልፍ ትተኛለህ?"

"ደህና፣ ደህና፣ ጋሼ ከተማስ?"

ጋሼ ከተማ ስሙ ሲጠራ ባቡር ላይ ቆሞ ቢቀር ነውር አይደል? ወረደና ትከሻ ለትከሻ ይገጫጭ ጀመር። "እንዴት ነህ የኔ ጌታ፣ እናትህ በጣም ደህና ናት፣ እህትህም ትምህርቷን..." እያለ ሳለ ፊሽካ ተነፋ። ሰምሀል ሻንጣዎቹን ላያቸው ብላ ወደ መቀመጫው ዞር ብላ ነበር። ስትመለስ በሩ ተዘግቷል። መስታወቱን በሁለት መዳፏ መታችው። አፏ "ማሚ!" ሲል ይታያል፤ ድምፁ አይሰማም። ባቡሩም ሴት ልጃቸውን፣ ሦስት ሻንጣቸውንና ፓስፖርታቸውን ይዞ ውልቅ አለ።

"...እና ሥራ ተመቸህ?" አለ ከተማ፣ የሳላሃዲንን እጅ እንደያዘ፣ ዓይኑን ከባቡሩ ጭራ ሳይነቅል።

"ወይ ጉዴ!" አለች ዘርፌ።

የኮቷ ኪስ ጮኸ። ስልኩን ስታነሳው የሰምሀል ድምፅ ለሦስቱም ተሰማ።

"ማሚ! ዋት ዲድ ዩ ዱ? አትወርጂም አልኩሽ! ኦኬ አልሽኝ!"

"ልጄ፣ ሰላም ልበለው ብዬ እኮ ነው..."

"ሰላም ማለት አምስት ሰከንድ ነው!"

"አምስት ሰከንድ ሰላምታ ነው? እሱ ስድብ ነው።"

"ኦ ማይ ጋድ። ኦኬ። የሚቀጥለው ስቴሽን ወርጄ እመለሳለሁ። ዶንት ሙቭ! ዳዲ የትም እንዳይሄድ! ወንበር ላይ ቁጭ በሉ!"

ቁጭ አሉ። ጣቢያው ውስጥ ያለች ትንሽ ሻይ ቤት ገብተው፣ እንደተቀጣ ተማሪ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሳላሃዲን "በኔ ምክንያት ነው" እያለ ሻይ ለማዘዝ ተነሳ። ዘርፌ ግን ደንግጣም አደራዋን አልረሳችም። በሬ እንደሚገዛ ሰው ዓይኗ ልጁን ይዞራል። ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ፣ የናቱን የመሰሉ ትልልቅ ዓይኖች። ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። ሻዩን ይዞ ሲመጣ አረማመዱን አጤነች፤ አያነክስም። የቀረው ማስኩ ብቻ ነበር።

"ጉንፋን ይዞኛል እትዬ፣ እንዳላጋባብዎት ብዬ ነው" አለ ሳትጠይቀው።

ሲያወራ አንድም ጊዜ አላሳለም። አፍንጫውንም አልጠረገም። ሻዩም ፊት ለፊቱ እየቀዘቀዘ ነው። ዘርፌ እሽጉን ሳብ አድርጋ ፕላስተሩን በጥፍሯ ቀደደችው። ከላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ጭኮ አለ፤ ሙኒራ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅመም ቅቤ አሽታ የሠራችው።

"እናትህ 'በእጅሽ አጉርሺልኝ' ብላኛለች" አለች ዘርፌ። ሙኒራ እንደዚህ አላለችም። ግን ብታስበው ኖሮ ትል ነበር።

"ቤት ስገባ እበላዋለሁ እትዬ።"

"በሞቴ!"

"ወላሂ ጠግቤያለሁ።"

"ሳላሃዲን፣ እጄን ዘርግቼ አልመልሰውም። እኔን ሳይሆን እናትህን ነው የምታሳፍረው።"

ጉርሻው አየር ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ ነገር እምቢ ይል ይሆናል፤ የእናቱን ጉርሻ እምቢ ያለ ሐበሻ ግን የለም። ልጁ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ከተማ አየ። ከተማ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሳላሃዲን ቀስ ብሎ ማስኩን አወረደና አፉን ከፈተ።

የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ድዱ ላይ አንድ ስባሪ ብቻ ቀርታለች። ከንፈሩ ላይ ወደ አፍንጫው የምትወጣ ቀጭን ጠባሳ አለች። ዘርፌ ክው አለች። እጇ ግን ለምዶበት ጉርሻውን አጎረሰ።

ልጁ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ በጎን ጥርሱ አኘከ። ቶሎ አልዋጠውም። ሲውጠው ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ከሐፍረቱ ይሁን ከናቱ እጅ ጣዕም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

"ሊቢያ ነው" አለ። "በጠመንጃ ሰደፍ።"

"እኔን! እኔን አፈር ያርገኝ!" ዘርፌ ደረቷን ያዘች። "መቼ? እንዴት ቻልከው?"

"አልፏል እትዬ። አሁን አያመኝም። ሐኪም ቤት ተራ ይዣለሁ፣ ይተከልልኛል ብለውኛል። ያኔ ካሜራውን ከፍቼ ጥርሴን እያሳየሁ ላስደንቃት ብዬ ነው የደበቅኳት። ኡሚን ያውቋታል፣ እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ትታመማለች። ለጎረቤቱ ሁሉ 'የልጄን ፈገግታ እዩልኝ' ስትል ነው የኖረችው። እባክዎ እንዳይነግሯት። አደራ።"

ኧረ ጉድ! አንድ አደራ ይዛ መጥታ ሁለት ሆነባት። እናት ሳትቀንሺ ንገሪኝ ብላለች፣ ልጅ አትንገሪያት ብሏል። ለአንዱ ብትታመን ለሌላው አደራ በላ ልትሆን ነው። ስልኳ በዚህ መሀል በሙኒራ መልእክት ጠረጴዛው ላይ ብርር፣ ብርር ይላል። "ደረስሽ?" "አየሽው?" "ዘርፌ ዝም አልሽኝ እኮ።" ዘርፌ ስልኩን ገልብጣ አስተኛችው።

ልጁ ተጨማሪ ሻይ ሊያመጣ ሲነሳ ከተማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "ደህና ነው በያትና ተገላገይ። ደግሞ ደህና ነው እኮ፣ ሲሄድ አላየሽውም?"

"ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ብላኛለች ከተማ።"

"ልጁስ አደራ አላለሽም?"

"እሱ ነው የቸገረኝ! ምን ይዋጠኝ?"

"ታዲያ አልወርድም ብለሽ..."

"ዝም በል። አንተም ወርደሃል።"

ሰምሀል የደረሰችው ያኔ ነበር። ሁለት ሻንጣ በሁለት እጇ እየጎተተች፣ ሦስተኛውን በጉልበቷ እየገፋች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ገባች። ዘርፌ ስድብ ጠብቃ ነበር። ልጅቷ ግን ሻንጣዎቹን ለቃ እዚያው ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ዘርፌ ሮጣ ልታቅፋት ስትል በእጇ አቆመቻት።

"አንድ ሳምንት ነው ያልኩት!" አለች፤ ሲከፋት አማርኛና እንግሊዝኛው ይቀላቀልባታል። "ጀስት ዋን ዊክ! ለማንም ሳትሠሪ፣ ለማንም ሳትሸከሚ! ሌሊቱን ሙሉ የሰው ቦክስ ታነሺያለሽ፣ ዳዲ ቀኑን ሙሉ የሰው ቦክስ ያደርሳል፣ ጀርባችሁን ያማችኋል፣ እኔ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አንድ ሳምንት እንድታርፉ ብዬ... እዚህም ቦክስ?"

ዘርፌ ይቺ ልጅ የተናደደችው ለባቡሩ መስሏት ነበር።

"ልጄ፣ እናቴ፣ ይሄ እኮ ሥራ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ሳላሃዲን ሻዩን አስቀምጦ ሮጦ መጣና የወደቀውን ሻንጣ አነሳ። "ሰምሀል፣ ይቅርታ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያስወረድኳቸው" አለ። ማስኩን መመለስ ረስቶታል። ሰምሀል አየችው። አፉን አየች፣ ጠባሳውን አየች። የሚቀጥለውን ቃል ዋጠችው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እጇን ዘረጋችለት። ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ ጠጋ አለችና ጉንጩን ሳመችው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ።

"በናትሽ ነው የወጣሽው" አለ ከተማ፣ አየር እየሳበ።

የሚቀጥለው የኑረምበርግ ባቡር ወደ ምሽት ነበር። እስከዚያ ሻንጣውን ጣቢያ ቆልፈው ወደ አሮጌው ከተማ ወጡ። ሳላሃዲን "ላሳያችሁ" ብሎ ነበር የተነሳው፤ ትንሽ እንደሄዱ ግን እሱም እንደነሱ ግራና ቀኝ ማየት ጀመረ። ሁለት ዓመት ኖሮባት የሚያውቀው ከክፍሉ እስከ ምግብ ቤቱ ጓዳ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ሰምሀል ስልኳ ላይ ታነባለች፣ እሱ እየሰማ "እንዴ?" ይላል። አረንጓዴ ጉልላት ያለው ነጭ ካቴድራል ውስጥ ገቡ። ዘርፌ አማተበች፣ ሳላሃዲን ኮፍያውን አወለቀ፣ ከተማ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት አንጋጦ እያየ አንገቱን አመመው። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጎርፉ በየዘመኑ የደረሰበት ከፍታ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ ነው።

"እዚህ ድረስ ውሃ ገብቶባቸው ለምን አይለቁም?" አለ ከተማ።

"ቤታቸው ነዋ ጋሼ" አለ ሳላሃዲን።

መንገድ ላይ ሰው በመጣ ቁጥር ልጁ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ሰምሀል የምታስቅ ነገር ስትናገር መጀመሪያ አፉን ይሸፍንና ከዚያ ይስቃል። ከተማ ይሄን ሲያይ ቆይቶ አላስችል አለው።

"ስማ እንጂ አንተ ልጅ፣ ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ ባዳ ተነስቶ ቢሄድ ይሄን ያህል ሐዘን ይቀመጡለታል? የሥጋ ዘመድህ ድድህ አለ አይደል?"

ሳላሃዲን ሳቁ አመለጠው። እጁን ወደ አፉ ሊወስድ ሲል ሰምሀል ቀድማ እጁን ያዘችው። ሳቁን ግንቡ አስተጋባው፤ የሚያልፉ ሽማግሌዎች ዞረው እያዩ ፈገግ አሉ። ዘርፌ "ይሄን ሳቅ ሙኒራ ሳትሰማው እኔ መስማቴ!" አለች በልቧ።

ከተማዋ ሦስት ወንዞች ከሚገናኙበት ጫፍ ላይ ታልቃለች። አንዱ ውሃ ጥቁር፣ አንዱ ወደ አመድ የሚያደላ አረንጓዴ፣ መሀሉ ላይ ዳኑብ። ከተገናኙም በኋላ ቶሎ አይቀላቀሉም፤ ቀለማቸውን ይዘው ጎን ለጎን ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። ሰምሀል አራታቸውንም በአንድ ፎቶ ለመክተት እጇን ዘረጋች።

"አንድ፣ ሁለት..."

ሳላሃዲን በሦስት ላይ አፉን ከፍቶ ሳቀ። ፎቶውን ሲያየው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ቆይቶ "እትዬ" አለ። "ይሄንን ይላኩላት። እኔ መናገር አልችልም። ፎቶውን ትየው፣ በቃ።"

ዘርፌ ስልኳን አወጣች። ሰምሀል ፎቶውን ላከችላት። ዘርፌ የሙኒራ ስም ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆመች። ኮሎምበስ ገና ረፋድ ነው። ሙኒራ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ፣ ትንሿን ትምህርት ቤት ሸኝታ፣ ብቻዋን ቤት ቁጭ ብላ ስልኳን እያየች ነው። ክፉ ነገር ለብቻው ላለ ሰው እንዲህ አይላክም። ዘርፌ ባደገችበት ሰፈር መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው።

"አልልክም" አለች።

"እትዬ..."

"አልዋሽላትም፣ አልነግርባህምም። ስማኝ ልጄ። ሌላ ሰው የሚናገርለት የሞተ ሰው ነው። አንተ አለህ። አፍ አለህ። እናትህ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ፊቱ ተቃጥሏል እያለች ሁለት ዓመት እንቅልፍ አልተኛችም። አንተ አሳርፋታለሁ ብለህ እየገደልካት ነው።"

ሳላሃዲን ስልኩን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ እሷም ደወለች። ሙኒራ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

"ዘርፌ! አየሽው? ምን ሆኗል? ንገሪኝ በአላህ!"

"አይቼዋለሁ እህቴ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው። አደራሽን ሳልቀንስ ሳልጨምር ልስጥሽ" አለችና ስልኩን አስጨበጠችው። ወሬ የምትወድ ሴት ናት ዘርፌ፣ አይካድም። ቢሆንም ባሏን በክንዱ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ራቅ ብላ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። አውራ ጣቱ የቪዲዮውን ምልክት ሲነካ ትከሻው ወደ ላይ ተሰበሰበ።

የሙኒራ ጩኸት ወንዙን አቋርጦ ሄደ።

"ጥርስ ነው? ጥርስ ብቻ ነው? ሌላ የለም? ዙር እስቲ! ዓይንህን አሳየኝ! አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! አንተ ባለጌ፣ ለጥርስ ብለህ ነው ሁለት ዓመት ያሳበድከኝ? እኔ ስወልድህ ጥርስ ነበረህ እንዴ?"

ከተማ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል አነጠሰ። ሰምሀል እየሳቀች ታለቅሳለች። ወዲያ ማዶ የሙኒራ ድምፅ ዝቅ አለ፣ የልጇም ትከሻ ወረደ። ሁለቱም አልቅሰው ሲወጣላቸው ልጁ ስልኩን እያዞረ ወንዞቹን ያሳያት ጀመር።

ሰምሀል ሰዓቷን አየች። "ማሚ፣ አሁን ካልተነሳን ባቡሩ ያመልጠናል።"

"እሺ ልጄ" አለች ዘርፌ፣ ወዲያው ተነስታ ቀሚሷን እያራገፈች። "ልክ ነሽ። ዛሬ በቂ አስቸግሬሻለሁ። ሂጂ ጥሪውና እንሰናበተው።"

ሰምሀል ሄደች። ሳላሃዲን ፊቱ ስትቆም ቀና አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ አፉ እንደተከፈተ ነው፣ እጁ ወደ አፉ አልሄደም። ለስንብት ልትጠራው ነበር የመጣችው። ቆማ አየችው።

"ሳላሃዲን፣ ቤትህ ድስት አለ?"

"ድስት?" ግራ ገባው። "አንድ አለችኝ። ትንሽ ናት።"

"ለአራት ሰው ትበቃለች?"

"ሁለት ጊዜ ይሠራባታል!" አለች ሙኒራ ከስልኩ ውስጥ።

ሰምሀል ወደ እናትና አባቷ ዞረች። ዘርፌ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ ትጠብቃለች።

"ማሚ፣ ተቀመጪ" አለቻት። "ራት እኔ ነኝ የምሠራው። ባቡሩ ይሂድ።"